አፍንጫዋን ወደ እኛ ያዞረች አውሮፕላን

ዘመዶቻችን ዩኒቨርሲቲያችንን እስከጎበኙበት እስከ እንግዶች ቀን ድረስ ቀኜንና ግራዬን ለይቼ የማውቅ ሰው ነበርሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ደብረ ኤልያስ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሁለቱን ጎኖች ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ያውቃቸዋል። የቀኙ በሬ የቀኝ ነው፣ የግራው በሬ የግራ ነው፤ ቢለዋወጡ በሬዎቹ ራሳቸው ይቀየማሉ። አሁን ግን የባጃጅ ሹፌር «ወደ ቀኝ ልታጠፍ ወደ ግራ?» ሲለኝ፣ «በአንተ ነው በእኔ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ አተኩሮ ያየኛል። ሁለታችንም ወደ አንድ ወገን እየተመለከትን መሆኑን አረጋግጬ መልስ እስክሰጠው መታጠፊያው አልፎናል።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፕላንም አለበት።

እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ማለት ምን እንደሚሆን እሱ ገና ያላወቀ፣ ዘመዶቹ ግን ቀድመው ያወቁለት ሰው ማለት ነው። የእኔ ዘመዶች ያወቁልኝ ሐኪም እንደምሆን ነው። ቤተሰባችን ውስጥ ጉልበት ያማል። አባቴን ያማቸዋል፣ አጎቶቼን ያማቸዋል፣ ቁይ ከተማ ያሉትን አክስቴን ደግሞ ከሁሉም በላይ ያማቸዋል፤ ጉልበቱን የማያመው ሰው ከተገኘ ገና ልጅ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን አንዱ ጉልበት እንዲማር ተወሰነ። ያ አንዱ እኔ ነበርሁ።

ታዲያ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲቃረብ ለአባቴ ደወልሁ።

«አባየ፣ ኢንጂነሪንግ ለመምረጥ አስቤ ነበር» አልሁ።

«እሱ ደግሞ ምን ያክማል?»

«አያክምም። አውሮፕላን እንዴት እንደሚበር፣ በሰማይ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ…»

«አውሮፕላን!» አሉ አባቴ። ከስልኩ ወዲያ የከብቶቻችን ድምፅ ይሰማኝ ነበር። «ልጄ፣ እኛ አገር አውሮፕላን በላያችን አልፎ ይሄዳል እንጂ መች ቆሞ ያውቃል? የታመመ ሰው ግን ቆሞ ይጠብቅሃል።»



እኛ ቤት ደግሞ ሳይመረቅ የሚጀመር ነገር የለም። እርሻው ተመርቆ ይጀመራል፣ ጉዞው ተመርቆ ይጀመራል። ያለ አባቴ ምርቃት ኢንጂነሪንግ ብገባ የመጀመሪያው ፈተና ላይ እርሳሴ እንደሚሰበር አልጠራጠርም። አባቴም ይህን ስለሚያውቁ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ «ለእንግዶች ቀን እመጣለሁ። ይህን የምትለውን ነገር በዐይኔ አሳየኝ። ልቤ ከወደደው እመርቅሃለሁ። ካልወደደው ያለ ጭቅጭቅ ጤናውን ትመርጣለህ።»

«እሺ አባየ» አልሁ። «እሺ» ከእኔ አፍ የሚወጣው ሐሳቤን ሳያማክር ነው።

«ብቻዬን አልመጣም። የንስሐ አባታችንን መምሬ ጥሩነህን ይዣቸው እመጣለሁ።»

«እሺ አባየ።»

«አክስትህም ሰምተዋል። አልቀርም ብለዋል።»

«እሺ» አልሁ፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም አንድ ሁለት ጊዜ ደገምሁት።

ግቢያችን ውስጥ የበረራ ክበብ አለ። ክበቡ ያለው አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ሪሞትና ብዙ ሙጫ ነው። አውሮፕላኗ ፍሪጅ ታሽጎ ከሚመጣበት ነጭ ፎም የተቆረጠች ናት፤ ክንፎቿ ተዘርግተው ሁለት እጁን የዘረጋ ሰው ያክላሉ፤ አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ሞተርና ፕሮፔለር አላት። የክበቡ ሰብሳቢ ሀያት «ጭልፊት» ብላ ስም አውጥታላታለች። ሌላው ተማሪ ግን «ቆቅ» ይላታል፤ ብድግ ብላ ጥቂት በርራ ቁጥቋጦ ውስጥ ስለምትገባ። ሀያት ሦስተኛ ዓመት ናት፣ የደሴ ልጅ። ስትናደድም ስትደሰትም «ወላሂ» ስለምትል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ማየት ያስፈልጋል።

የአባቴን ነገር ስነግራት መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። «በል እሺ» አለችኝ፤ «የእንግዶቹ ቀን የምታበራት አንተ ነህ። ግን መጀመሪያ ምን እያደረግህ እንደሆነ ይግባህ።»

እስካሁን ያልተሟላው ይህ ሁለተኛው፣ መግባቱ ነው።

እኔ እኮ የአውሮፕላን መሪ እንደ መኪና መሪ ክብ ነገር ሆኖ፣ ሲዞር አፍንጫዋ የሚዞር መስሎኝ ነበር። ሀያት ጭልፊትን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አንድ በአንድ አሳየችኝ። በሁለቱ ክንፎች ጫፍ በኋላ በኩል እንደ መስኮት መዝጊያ ከፍ ዝቅ የሚሉ ሁለት ጠባብ ቁራጮች አሉ፤ ኤለሮን ይባላሉ። ጭራዋ ላይ ጋደም ያለ ሌላ ተንቀሳቃሽ አለ፤ ኤለቬተር ነው። እሱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ደግሞ ራደር ነው። አውሮፕላን የሚመራው በእነዚህ ነው። አፍንጫው ላይ ምንም የለም። መንገዱን የሚያየው ከፊት ነው፣ የሚወስነው ግን ከኋላ ነው።

«ወደ ቀኝ ማዞር ስትፈልግ» አለች ሀያት፣ «የቀኙ ኤለሮን ወደ ላይ ይነሳል።»

«ስለዚህ የቀኙ ክንፍ ወደ ላይ ይወጣል» አልሁ፤ ማስደሰት እፈልግ ስለነበር ፈጥኜ።

«ወደ ታች ይወርዳል።»

«ወደ ላይ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል?»

«ቁራጩ ወደ ላይ፣ ክንፉ ወደ ታች። ነፋሱ ከላይ ይጫነዋላ! ጭራውም እንደዚያው ነው። ኤለቬተሩ ወደ ላይ ሲታጠፍ ነፋሱ ጭራዋን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ጭራዋ ሲወርድ አፍንጫዋ ይነሳል።»

«ስለዚህ ለመውጣት መጀመሪያ መውረድ አለባት።»

«ነገ ከተማ ስትወርድ» አለች ሀያት፣ «እጅህን ከባጃጁ አውጥተህ እንደ ክንፍ ዘርጋው። መዳፍህን ትንሽ ቀና፣ ትንሽ ዘንበል አድርገው። ነፋሱ ራሱ ያስተምርሃል።»

በማግስቱ ባጃጅ ተሳፈርሁና እጄን አወጣሁ። መዳፌን ቀና ሳደርገው እውነትም እጄ ወደ ላይ ተነሳ። ዘንበል ሳደርገው ወረደ። ደስ አለኝ። ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ነገር ግን ይህ ደብረ ማርቆስ ነው፤ እጁን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ሰላምታ እየሰጠ ነው። መንገድ ዳር የቆሙ አንዲት እናት ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ። እኔ ደግሞ እጅ ነሥተውኝ ዝም ብዬ የማልፍ ልጅ አይደለሁም፤ ጎንበስ ስል ግንባሬ ከባጃጁ ብረት ጋር ተላተመ። ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች ቆባቸውን አነሱልኝ። ቀጥሎ አንድ ምርኩዝ የያዙ ሰው መንገዱ መሃል ገብተው ባጃጁን አስቆሙት።

«አቤት ልጄ፣ ጠራኸኝ?»

«አይ፣ አልጠራሁዎትም አባባ። ነፋስ እየተማርሁ ነው።»

ሰውየው ሹፌሩን አዩት። ሹፌሩ «እኔ አላውቀውም» አለ። ከዚያ የማን ልጅ እንደሆንሁ ተጠየቅሁ፤ የአባቴን ስም ተናገርሁ፤ እሳቸውም የሉማሜ ሰው እንደሆኑ ነገሩኝ፤ ስለ ዝናቡ ተነጋገርን። ነፋሱ በዚህ መሃል ቆሟል፤ የቆመ ባጃጅ ነፋስ የለውም።

ማታ ሀያት «እህ፣ ነፋሱን አወቅኸው?» አለችኝ።

«ነፋሱን እንጃ» አልሁ፣ «ሰውየውን ግን አውቄያቸዋለሁ።»

ተስፋ አልቆረጥሁም። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ሳወጣ ሳወርድ በድንገት በራልኝ። ሮጬ ሄጄ «በሬ ነው!» አልኋት። «ሁለቱ ክንፎች የተጠመዱ በሬዎች ናቸው። ጥማዱን ወደ ቀኝ ለመመለስ የቀኙን በሬ ትይዢዋለሽ፣ የግራው ይዞራል። የሚይዘው ነፋሱ ነው!»

«እኔ የደሴ ከተማ ልጅ ነኝ፤ በሬ የማውቀው በቁርጥ ነው» አለች። «ግን ከገባህ ገባህ። በሬም ይሁን።»

ገብቶኝ ነበር። የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገበሬ ሁልጊዜ ከበሬዎቹ ኋላ ይሄዳል። በሬው ወደሚያይበት እሱም ያያል። አውሮፕላን ግን ትሄድና ትመለሳለች። ስትመለስ አፍንጫዋን ወደ አንተ ታዞራለች።

የመከራዬ መነሻ እዚህ ላይ ነው፤ ቀላል ስለሆነ አትሽሹ። እኔና አውሮፕላኗ ወደ አንድ ወገን ስናይ የእሷ ቀኝ የእኔ ቀኝ ነው። ፊት ለፊት ስንተያይ ግን የእሷ ቀኝ የእኔ ግራ ይሆናል፤ ከሰው ጋር ስትጨባበጡ እንደሚሆነው ማለት ነው። ሪሞቱ ላይ ያለው ዘንግ ደግሞ የሚታዘዘው የእሷን ቀኝ ነው፤ የእኔን አያውቅም።

«ለጀማሪ መላ አለው» አለች ሀያት። «እሷ በዞረች ቁጥር አንተም አብረሃት ዙር። ወደ አንተ ስትመጣ ጀርባህን ስጣትና በትከሻህ ላይ ተመልከታት። ሁልጊዜ ሁለታችሁም ወደ አንድ ወገን እዩ። በቃ።»

ሠራ! በልምምድ ሜዳው ላይ እንደ እንዝርት እየዞርሁ አበረርኋት። ሀያት «ወላሂ» አለች፤ ፊቷን ሳየው ደስታው ነበር። አንድ ነገር ጨመረችልኝ፦ «ሁሉም ነገር ከተደናገረህ ቀኝና ግራውን ተወው። ዘንጉን ወደ ሆድህ ሳበው። እሱ አይገለበጥም፤ የትም ዞረህ ብትቆም ከሳብኸው አፍንጫዋ ይነሳል። ግን ብዙ አትሳብ፤ ፍጥነቷ ያልቅና ትወድቃለች።»

የእንግዶቹ ቀን ደረሰ። ከሜዳው ዳር ፊታቸውን ወደ ሜዳው አድርገው ወንበሮች ተደረደሩ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። በቀኛቸው መምሬ ጥሩነህ ጥላቸውን ዘርግተው፣ በግራቸው ደግሞ አክስቴ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ቀኝና ግራውን በአባቴ በኩል እንደቆጠርሁት ልብ በሉ።

ጉልበት ስሜ ከተነሳሁ በኋላ ሪሞቱን ይዤ ወደ ሜዳው ዞርሁ። ዞርሁና ቆምሁ። ከኋላዬ ማን እንዳለ ታሰበኝ። አባቴ፣ የንስሐ አባቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት። እኔ ደግሞ ጀርባዬን፣ ከነሱሪዬ ኪስ፣ ደቅኜባቸው ቆሜያለሁ። በልምምዱ ወቅት ከኋላዬ የነበሩት ሁለት አህዮች ብቻ ስለነበሩ ይህ ነገር ፈጽሞ አልታየኝም ነበር።

ቀስ ብዬ ወደ ወንበሮቹ ዳር ሸሸሁ፤ ከጎን ሆኜ ላበር ብዬ።

«ምነው ተደበቅህ?» አሉ አባቴ። «የመጣነው አንተን ልናይ ነው። መሃል ና!»

«እሺ አባየ።»

መሃል መጣሁ፤ ፊቴንም ወደ እነሱ አድርጌ ቆምሁ። ሜዳው ከኋላዬ ሆነ። ሀያት ጭልፊትን በእጇ ይዛ ሜዳው ውስጥ ርቃ ስለነበር አቋቋሜ አልገባትም። «ዝግጁ?» ብላ ጮኸች። እኔም እሺ የምል ሰው ነኝ፤ እሺ አልሁ። ሮጣ ወረወረቻት።

ጭልፊት አማረባት። ከእኛ እየራቀች፣ ከፍ እያለች ሄደች። አንገቴን አጣምሜ በትከሻዬ ላይ አያታለሁ፤ እሷ ወደ ሜዳው ታያለች፣ እኔ ወደ አባቴ። ከዚያ ነፋሱ ወደ ባሕር ዛፎቹ ገፋት። ከዛፎቹ ላርቃት ዘንጉን ወደ ጎን ገፋሁ። ወደ ዛፎቹ ባሰባት። አጥብቄ ገፋሁ። አጥብቃ ሄደች።

«ገልብጠው!» አለች ሀያት ከሩቅ። «ተቃራኒ ቆመሃል፣ ገልብጠው!»

ገለበጥሁት። ጭልፊት ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ተንሸራታ፣ ክንፏን አጋድማ፣ ግማሽ ክብ ሠርታ ተመለሰች። ሆን ብዬ ያደረግሁት መስሏቸው እንግዶቹ አጨበጨቡ። አባቴ አላጨበጨቡም፤ ግን አገጫቸውን ቀና አደረጉ። እኛ ቤት ይህ ብዙ ነው። ምርቃቱ ከንፈራቸው ላይ ሲደርስ ታየኝ።

አሁን ጭልፊት ወደ እኛ እየመጣች ነው። እሷም ወደ ወንበሮቹ ታያለች፣ እኔም ወደ ወንበሮቹ አያለሁ። ስለዚህ ተስማምተናል፤ ቀኟ ቀኜ ነው። እኔ ግን ገልብጥ ከተባልሁበት ገና አልተመለስሁም ነበር። ከእንግዶቹ ላርቃት ብዬ ወደ እንግዶቹ ሰደድኋት።

«አሁን ትክክል ነህ! አትገልብጥ!»

«ቅድም ገልብጥ አልሽኝ!»

«ቅድም ቅድም ነው!»

ጭልፊት እየጮኸች በአክስቴ በኩል አለፈች። አክስቴ በሕይወቴ አይቼው በማላውቀው ፍጥነት ጎንበስ አሉ። «በስመ አብ!» አሉ ቀና ሲሉ። «ጉልበቴ ታጠፈልኝ እኮ! ይህች ነገር ታክማለች እንዴ?»

«ዝም በይ እስቲ እህቴ፣ ልጁን አታስደንግጪው» አሉ አባቴ። ሲናገሩ ግን አገጫቸው ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር።

ጭልፊት ከወንበሮቹ ጀርባ ዞራ እንደገና ወደ ሜዳው ወጣች። ሀያት አሁን እየሮጠች ወደ እኔ ትመጣለች። «ዙር! ፊትህን ወደ ሜዳው አዙር!»

«አልችልም!»

«ለምን አትችልም? እግርህን ምን ሆንህ?»

«እግሬን አይደለም፤ አባቴ ናቸው!»

«ምንድን ነው የምትልህ ልጅቱ?» አሉ አባቴ።

ውሸት አልወድም። «ጀርባህን ስጣቸው ነው የምትለኝ፣ አባየ።»

ጭልፊት ከሩቅ ታናፋለች። አባቴ ወደ መምሬ ጥሩነህ ዘንበል አሉ።

«መምሬ፣ ይህ ነገር እንዴት ይታያል?»

መምሬ ጥሩነህ በችኮላ የሚመልሱ ሰው አይደሉም። ጥላቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንግዲህ ስናየው» አሉ፣ «ካህን ሲቀድስ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል። ጀርባው ለሕዝቡ ነው። ሕዝቡም አይቀየምም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ጀርባው አይቆጠርበትም ማለት ይቻላል።»

«ልጁ ግን ካህን አይደለም» አሉ አባቴ።

«ካህን አይደለም፤ እሱ እውነት ነው።»

«ዲያቆንም አይደለም።»

«ዲያቆንም አይደለም። ይሁን እንጂ…»

«እየወረደች ነው!» አለች ሀያት። «አባቶቼ፣ በአላህ፣ ቶሎ ይወስኑ!»

«ምሥራቅ ደግሞ በዚህ በኩል ነው?» አሉ መምሬ፣ በጥላቸው ጫፍ ወደ ሜዳው እየጠቆሙ።

«ምሥራቅ በዚያ በኩል ነው መሰለኝ» አሉ አባቴ።

«ምሥራቅ የትም ትሁን!» አሉ አክስቴ ከወንበራቸው ተነስተው። «ዙር ልጄ! እኔ ፈቅጃለሁ! ታላቅ እኔ አይደለሁም?»

አባቴ መምሬን አዩ። መምሬ አባቴን አዩ። «ዙር» አሉ ሁለቱም ባንድ ድምፅ።

ዞርሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዬን ለአባቴ በፈቃድ ሰጠሁ። እፎይ፣ አሁን ወደ ሜዳው አያለሁ፣ እሷም ወደ ሜዳው ታያለች፣ ተስማማን ብዬ ቀና ስል፣ እኔ በዞርሁባት ቅጽበት እሷም ዞራ ኖሯል። አፍንጫዋን ወደ እኔ አድርጋ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ ቀጥ ብላ ትመጣለች። እኔ ስዞር እሷ ትዞራለች፤ እሷ ስትዞር እኔ እዞራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የማውቀው በሠርግ ጭፈራ ብቻ ነው።

ቀኝ ልበል? የማን ቀኝ? ገልብጥ ነው አትገልብጥ? ሀያት አንድ ነገር እየጮኸች ነው፤ ግን «ግራ» ስትል እሷ ከጎን ስለቆመች የእሷን ግራ ይሁን የእኔን ይሁን የአውሮፕላኗን አላወቅሁም። አሁን እዚያ ሜዳ ላይ ሦስት ግራዎች አሉ። በሬውንም አሰብሁት፤ የትኛው በሬ እንደነበር ጠፋብኝ። ከኋላዬ አባቴ አሉ። ከአባቴ ጋር ምርቃቴ አለ። ጭልፊት ከመቅረቧ የተነሳ የፕሮፔለሯ ምላጮች እየተቆጠሩ ሊታዩኝ ነው።

ያኔ ነው ያቺ የማትገለበጠው ነገር ትዝ ያለችኝ። ዘንጉን ወደ ሆዴ ሳብሁት። ብዙ አትሳብ መባሉ ትዝ ያለኝ ብዙ ከሳብሁ በኋላ ነው።

የጭራዋ ቁራጭ ብድግ ሲል አየሁት። ነፋሱ ጭራዋን ተጫነው፣ አፍንጫዋ ተነሳ፣ ፀጉሬን አውለብልባ በአናቴ ላይ ሽቅብ ወጣች። ለመውጣት መጀመሪያ መውረድ! ጭራዋ ወርዶ፣ አፍንጫዋ ወጥቶ! እንዴት እንደሆነ ለአንዲት ቅጽበት ፍንትው ብሎ ገባኝ። ከዚያ ሞተሯ አቃሰተ፤ ፍጥነቷ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበራ። የሰማሁት የአክስቴን «እሰይ!» እና ለስላሳ የሆነ «ዱብ» ድምፅ ነው።

ስዞር አባቴ ቆመዋል። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ዘርግተዋል። ጋቢው መሃል ጭልፊት ምንም ሳትሆን ተኝታለች፤ ፕሮፔለሯ ብቻ አንድ ሁለት ዙር ዞሮ ቆመ።

አባቴ ተቀመጡ፣ ጭልፊትን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፣ የጭራዋንም ቁራጭ በጣታቸው ከፍ ዝቅ አደረጉ።

«ይህ ወደ ላይ ሲሄድ ምን ይሆናል?»

«ጭራዋ ወደ ታች ይሄዳል፣ አባየ።»

«ከዚያስ?»

«አፍንጫዋ ወደ ላይ።»

«አልገባኝም» አሉ አባቴ።

ጤና፣ አልሁ በልቤ። ጉልበት። የአክስቴ ጉልበት፣ የአጎቶቼ ጉልበት፣ እስክሸመግል ድረስ።

«ለአንተስ ገብቶሃል?»

«ቅድም ለትንሽ ጊዜ ገብቶኝ ነበር። አሁን ግን… አልገባኝም፣ አባየ።»

አባቴ ወደ መምሬ ዞሩ። «ሰሙ መምሬ? አልገባውም። እንግዲህ ይህን ይማራ! የገባውን ነገር ምን ብሎ ይማረዋል?»

«ሐኪምነቱስ?» አሉ መምሬ።

«ሐኪም!» አሉ አባቴ። «ለእኛ ጀርባውን ለመስጠት ጉባኤ ያስፈለገው ልጅ ሐኪም ይሆናል? አንድ ሽማግሌ ፊቱ ቀርቦ 'ሱሪዎን ዝቅ ያድርጉ፣ መርፌ ልውጋዎ' ሊል ነው? እሱ አንገቱን እንደደፋ በሽተኛው ሞቶ ያልቃል!»

አክስቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። መምሬም በጥላቸው ሥር ሳቁ። እኔ አብሬ ልሳቅ ወይስ ልፈር አልታወቀኝም፤ ለጥንቃቄ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ አደረግሁ።

«ና ጎንበስ በል» አሉ አባቴ።

ጭልፊትን ለሀያት ሰጧት፤ እሷም ከኋላዬ ሣሩ ላይ አስቀመጠቻት። እኔ ጎንበስ አልሁ።

«የሰቀልኸው አይውደቅ» አሉ አባቴ።

«አሜን።»

«የላክኸው በሰላም ይመለስ» አሉ መምሬ።

«አሜን።»

«ሲመለስም በሰው ላይ አይመለስ!» አሉ አክስቴ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ።

«አሜን፣ አሜን» አልሁ፤ ይህችኛዋን ከልቤ።

በደስታ ጆሮዬ ይጮሃል። ኢንጂነሪንግ ገባሁ! የሦስቱንም ጉልበት ስሜ፣ እንዳደግሁበት ሥርዓት፣ ጀርባዬን ሳልሰጥ፣ ጎንበስ እንዳልሁ ወደ ኋላዬ ማፈግፈግ ጀመርሁ። አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ። ሌላ…

ቋ።

እግሬ ሥር የጭልፊት ራደር፣ ያ ጭራዋ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ቁራጭ፣ ለሁለት ተከፍሏል። ሀያት «ወላሂ» አለች። የትኛው «ወላሂ» እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ፈለግሁ፤ ግን እሷ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር፣ ትከሻዋም ይንቀጠቀጥ ነበር። ማልቀሷ ይሁን መሳቋ እስካሁን አልገባኝም።

መምሬ ጥሩነህ ጥላቸውን አጠፉ። «ልጄ» አሉ በትዕግሥት፣ «ቅድም ዙር ብለን ፈቅደንልህ አልነበረም?»

«ለበረራው ብቻ መስሎኝ ነው፣ አባታችን።»